የምክር ዓምድ፦ «ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥለውልን ሄዱ»

ደብዳቤው

ውድ አማካሪያችን፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉዳዬ ለአንዳንድ ሰው የልጅ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። በሪሞት የሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖች የምናበርርበት ክለብ ሊቀመንበር ነኝ። ሠላሳ ግድም አባላት አሉን። የምናበርርበት ሜዳ ከአንድ ገበሬ የተከራየነው ሣር ሜዳ ነው። ሜዳውን ፈልገው ያገኙት፣ ከባለቤቱ ጋር የተስማሙት፣ ማኮብኮቢያውን ያስተካከሉትና እስካሁንም ሣሩን ብቻቸውን የሚያጭዱት የክለቡ መሥራች ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። እኔንም ማብረር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያዋን አውሮፕላኔን ዛፍ ላይ ሰቅያት መሰላል ተሸክመው መጥተው ያወረዱልኝም እሳቸው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አበራረራቸው እያስፈራን መጥቷል። ለማረፍ ሲመጡ ማኮብኮቢያውን ይስታሉ፤ አውሮፕላኗ ራቅ ስትል ወዴት እንደዞረች ግራ ይገባቸዋል። ባለፈው ወር ትልቋ የቤንዚን አውሮፕላናቸው የደኅንነት መስመሩን አልፋ ሰው ወደተቀመጠበት መጣችና ጠረጴዛዎቹ ላይ ዝቅ ብላ አለፈች። እጃችንን ብንዘረጋ የምንነካት ይመስል ነበር። ከጠረጴዛው አጠገብ የአንድ አባላችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ባትሪ እየደረደረች ነበር። ጋሼ «ነፋስ ገፋኝ» አሉ። የነፋስ ማሳያው ጨርቅ ግን ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሎ ንቅንቅ አላለም።

የልጅቷ አባትና ሌላ አንድ አባል «እሳቸው ካልቆሙ እኛ እንወጣለን» ብለዋል። ኮሚቴው በደብዳቤ ይታገዱ አለ። እኔ ደብዳቤው ሳይጻፍ ልቅደም ብዬ በዘወርዋራ «ጋሼ፣ ለጊዜው ትንሽ ቢያርፉ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ካላበረርኩ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አሉና የአጥሩንና የማሽን ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጥለውልን ሄዱ። ስልክ ስደውል አያነሱም።

ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈ። ሣሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሆኗል። ማጨጃ ማሽኑን ማስነሳት የቻለ ሰው የለም። የመሬቱ ባለቤትም «ሽማግሌው የት ሄዱ?» እያለ ይጠይቃል። ደንቡን ላስከብር ብል ውለታ በላ ልሆን ነው፤ ልተወው ብል አንድ ቀን ሰው ይጎዳል። ምን ላድርግ?

ግራ የተጋባው ሊቀመንበር

መልስ

ውድ ጠያቂዬ፣

እንቅልፍ ቢነሳዎት አይገርምም። በአንድ እጅዎ የሕፃን ደኅንነት፣ በሌላው ያስተማረዎትን ሰው ክብር ይዘው የቆሙ ሰው ነዎት።

አስቀድመን የማያከራክረውን እናስቀምጥ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ጋሼ ብቻቸውን ማብረር የለባቸውም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር 5 ኪሎ የምትመዝን አውሮፕላን ሰው ብትመታ፣ ያንኑ ክብደት ከ40 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ከመልቀቅ አይተናነስም፤ ከፊቷ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ሳይቆጠር። ስለዚህ የልጅቷ አባት የተቆጣው በከንቱ አይደለም። «እንወጣለን» ማለቱን እንደ ማስፈራሪያ ከማየት ይልቅ የደነገጠ አባት ቃል አድርገው ቢሰሙት ይሻላል። እስከ አሁን ከክለቡ በኩል «ይቅርታ» ያለው ሰው አለ? በደብዳቤዎ ውስጥ አላገኘሁትም። ካልተባለ ዛሬውኑ ደውለው ይበሉት። ስለ ጋሼ ዕጣ ምንም ቃል ሳይገቡለት፣ ልጁ ላይ ስለደረሰው ድንጋጤ ብቻ ያነጋግሩት።

ግን «ብቻቸውን» ያልኩትን ልብ ይበሉልኝ። ኮሚቴው ያሰበው እገዳ ነው። እገዳ ከመድረሱ በፊት ያልተሞከሩ ብዙ ነገሮች አሉ፤ እንዲያውም እስካሁን የተሞከረ ነገር ያለ አይመስለኝም። ለአንድ ዓመት ያህል ሁሉም አየ፣ ሁሉም ተንሾካሾከ፤ ፊት ለፊት «ጋሼ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም። እርስዎም የተናገሩት በዘወርዋራ ነው። ደግ ልብ ስላለዎት ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ዘወርዋራ ንግግር ለሰሚው ሁለት ጊዜ ያማል፤ መጀመሪያ ነገሩ ራሱ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌሎች ከኋላው ሲነጋገሩበት እንደቆዩ መገመቱ። ጋሼ ዝም ብለው ያዩዎት በዚያች ቅጽበት ይህን ሁሉ ሳያስቡት አልቀሩም። ሆድ ብሷቸዋል።

«ነፋስ ገፋኝ» ያሉትን እንደ ውሸት አይቁጠሩባቸው። እንደዚያ የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱም የደነገጠ ሰው ነው። ክንፏ ከጫፍ ጫፍ 1 ሜትር ተኩል የሆነች አውሮፕላን 150 ሜትር ርቃ ስትበር፣ ለዓይናችን ከሙሉ ጨረቃ ብዙም አትሰፋም። ሰማዩ ከደመነ ደግሞ ቀለሟ ጠፍቶ ጥቁር ጥላ ብቻ ትሆናለች፤ እየመጣች ይሁን እየሄደች መለየት ለወጣት ዓይንም ይከብዳል። ወደ እርስዎ ስትዞር ግራና ቀኝ እንደሚገላበጡ ያውቁታል። ሰባዎቹን ያጋመሰ ዓይን ይህን ሁሉ በሰከንድ ውስጥ መፍታት ሲያቅተው ባለቤቱ ዓይኔ ደከመ አይልም፤ ነፋሱን፣ ፀሐዩን፣ የሪሞቱን ራዲዮ ነው የሚወቅሰው።

ደግሞስ ራዲዮው ቢሆንስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከፍርድ በፊት መጣራት ያለበት ይህ ነው። አውሮፕላኗን የፈተሸ ሰው አለ? የቤንዚን ሞተር ንዝረት ብሎን ያላላል፤ የማቀጣጠያው ብልጭታም የራዲዮ መቀበያው በጣም ከቀረበው ሲግናሉን ሊያውክ ይችላል። የአይለሮኑ (ክንፉ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ማጠፊያ የላላ፣ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር፣ ሰርቮው፣ ያረጀ፣ የመቀበያው ባትሪ የደከመ እንደሆነስ? ይህን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶም፣ እየሠራም፣ ሲግናሉ ራቅ ብሎም መድረሱን የሚያሳየውን የርቀት ፍተሻ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ማድረግ፣ ቀጥሎ አውሮፕላኗ በደንብ ታስራ መቆጣጠሪያውን ቢያጠፉት ሞተሩ ወደ ዝቅተኛ ዙር ይወርድ ወይም ይጠፋ እንደሆነ ማየት። ይህ የመጨረሻው ለጋሼ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም አባል አውሮፕላን መደረግ ያለበት ነው። ምንም ባይገኝ እንኳ ጋሼ በግምት እንዳልተፈረደባቸው ያውቃሉ።

ስልክ አያነሱም ብለዋል። እንግዲያው ቤታቸው ይሂዱ። ብቻዎን ይሂዱ፤ ኮሚቴ ይዘው ቢሄዱ ሽምግልና የተላከ ይመስላል፣ እሳቸውም እንደ ተከሳሽ ይቀመጣሉ። የመብረሪያ ቀን አይሁን። ሲሄዱ ቁልፉን ይውሰዱላቸው፤ ቅጂ አስቀርተው ዋናውን ይመልሱላቸው። ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሳያስቀምጡ። «ጋሼ፣ ይህ ቁልፍ ከማብረርና ካለማብረር ጋር አይገናኝም፤ የእርስዎ ነው» ይበሏቸው። እሳቸው ተቆጥተው ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ቋጥረውታል፤ እርስዎም «ሣሩን ማን ያጭዳል» እያሉ ሳያውቁት አጠበቁት። ቋጠሮው ሳይፈታ ስለ ዓይን ቢያወሩ፣ እሳቸው የሚሰሙት «ለማጨድ እንፈልግዎታለን፣ ለማብረር ግን አንፈልግዎትም» የሚለውን ነው።

ከዚያ ፊት ለፊት ይናገሩ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ያን ዕለት አውሮፕላኗ በልጅቷ ላይ ስታልፍ በጣም ፈራሁ። ምን እንደሆነ ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ።» ብለው ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝም አይቸኩሉ። ከተናገሩ ደግሞ ዝርዝሩን ይጠይቁ። የሚከብዳቸው ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ነው? አውሮፕላኗ ስትርቅ ነው? ወይስ ወደ እሳቸው ስትዞር? ማታ ማታ የመኪና መብራት ይበታተንባቸዋል? ብርሃን የሚረብሻቸውና ነገር ሁሉ የሚደበዝዝባቸው ከሆነ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው። ግላኮማ ከሆነ ሳያም ቀስ እያለ የጎን እይታን ይወስዳል፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማዳን ግን መፍጠን ያስፈልጋል። ይህን የሚለየው ሐኪም እንጂ እኔም እርስዎም አይደለንም። «የዓይን ሐኪም ዘንድ አብሬዎት ልሂድ» ማለት ግን ይችላሉ። ምናልባት ይህ ሁሉ ግርግር በአንድ ቀጠሮ የሚፈታ ይሆናል። ባይፈታም ሰውየው ለበረራ ብቻ አይደለም ዓይናቸውን የሚፈልጉት፤ መኪና ይነዳሉ? ይህንንም በዘዴ ይጠይቁልኝ።

እስከዚያው ድረስ የሚበሩበት መንገድ አለ። ሁለት መቆጣጠሪያ አገናኝቶ መብረርን ያውቁታል፤ ምናልባት እርስዎንም ያስተማሩዎት እንደዚያ ይሆናል። ጋሼ አንዱን፣ ረዳት አብራሪ ሌላውን ይይዛል፤ ነገሩ አላምር ሲል ረዳቱ አንዲት ማብሪያ ነክቶ አውሮፕላኗን ይረከባል። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች የሚግባቡ መሆናቸውንና ክንፍና ጅራቱ በሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ መታዘዙን መሬት ላይ ሳያዩ እንዳይነሱ። ረዳቱን ራሳቸው ይምረጡ። የሚመርጡት ሰው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ እምቢ አይበሉ፤ ተማሪያቸው አጠገባቸው ቆሞ ማብሪያውን መያዙ ለሁለታችሁም ይከብዳል፣ ቢሆንም ለሌላ ሰው ከመስጠት ይቀላቸው ይሆናል። ለአሁኑ ትልቋ የቤንዚን አውሮፕላን ትረፍ። በቀስታ የምትበር፣ ቀላል የኤሌክትሪክ አውሮፕላን፣ የክንፏ ላይኛው ገጽ በደማቅ ቀለም፣ ታችኛው በጥቁርና ነጭ ሰፊ መስመር የተቀባ ቢሆን፣ ቀረብ ብላ ስትዞር አቅጣጫዋ በግልጽ ይታያል።

ሜይናርድ ሂል የሚባለውን አሜሪካዊ መሐንዲስ ጋሼ ከእኔም ከእርስዎም በላይ ሳያውቁት አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ከ5 ኪሎ በታች የምትመዝን ሞዴል አውሮፕላኑ ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ተነሥታ፣ 39 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል በርራ አየርላንድ አረፈች። ሂል ያኔ 77 ዓመቱ ነበር፤ ዓይኑም በሕግ ዓይነ ስውር እስከሚባልበት ደረጃ ደክሞ ነበር። ውቅያኖሱን ያሻገራት አውቶፓይለት፣ ማለትም አውሮፕላኗን ያለ ሰው እጅ የሚመራው መሣሪያ ነው፣ አየርላንድ ላይ ተቀብሎ ያሳረፋትም ሌላ አብራሪ ነው። አውሮፕላኗ የማን ነበረች ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዛሬም የሚጠራው የሂል ስም ነው። ይህን ለጋሼ እንደ ማጽናኛ እንዲነግሯቸው አይደለም የጻፍኩት፤ አያድርጉት፣ ይሰለቻሉ። የጻፍኩት ለኮሚቴዎ ነው። መሪው በእጁ ካልሆነ አብራሪ አይደለም ብሎ የሚያስብ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ካለ ያንብበው።

ለኮሚቴው ሌላም ጉዳይ አለኝ። የእገዳው ደብዳቤ ይቆይ፤ የሆነው ነገር ግን በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ክለቡ ኢንሹራንስ ካለው ደግሞ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ፤ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል እያወቃችሁ ዝም ብላችሁ ከተገኛችሁ ጣጣው የጋሼ ብቻ አይሆንም። ቀጥሎ በስም ሰውን ከመጥቀስ ይልቅ ለሁሉም የሚሆን ደንብ ይውጣ። መስመሩን ያለፈ ማንኛውም አብራሪ፣ ወጣትም ይሁን አንጋፋ፣ በዚያ ቀን ቀጣይ በረራው ከረዳት ጋር ይሁን። ከባድ አውሮፕላን የሚያበርር ሁሉ አጠገቡ ቆሞ ሰማዩንና ሜዳውን የሚያይለት ሰው ይኑረው። ጠረጴዛዎቹም ከማኮብኮቢያው ይራቁ፣ በመካከልም የመረብ አጥር ይቁም። ባትሪ የሚደረደርበት ቦታ ልጅ መቆሙ ራሱ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሊቲየም ባትሪ እንደ ዋዛ የሚነካካ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሣሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆጣ ይፍቀዱልኝ። ሠላሳ ሰው ያለበት ክለብ ሣሩን ሰባዎቹን ላጋመሱ አንድ ሰው ትቶ ስንት ዓመት ተቀመጠ? ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም መጥቶ ሜዳው ታጭዶ ሲያገኘው ማን እንዳጨደው ያሰበበት ቀን ነበር? ጋሼ ቁልፉን ሲጥሉ ጥለውት የሄዱት የሁላችሁንም ሸክም ነው። ከዚህ በኋላ ቢታረቁም ባይታረቁም ያ ሸክም ወደ አንድ ሰው ጀርባ መመለስ የለበትም።

ማሽኑ ያልተነሳበት ምክንያት ምናልባት ቀላል ነው። ተቀምጠውባቸው የሚነዱ ማጨጃዎች ብዙዎቹ ሰው ካልተቀመጠባቸው፣ ፍሬኑ ካልተረገጠና ምላጩ ከሞተሩ ካልተላቀቀ ጨርሶ አይነሱም። ይህን ከሞከራችሁ በኋላም እምቢ ካለ፣ ማሽኑ የጋሼን እጅ ብቻ የሚያውቅ ሌላ አመል አለው ማለት ነው፤ ያንን ከእሳቸው መማር ግድ ነው። ሣሩ ከቁርጭምጭሚት አልፏል ብለዋል፤ በአንድ ጊዜ ወደ ድሮው ቁመት እንዳታወርዱት። ምላጩን ከፍ አድርጋችሁ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ቁረጡ፤ ጥቂት ቀን ቆይታችሁ እንደገና። ሥሩ ድረስ ከተላጨ ይቃጠላል፤ አፈሩ ባዶ ይቀራል፣ ቀጥሎ የምታጭዱት አረም ይሆናል። ርጥብ እያለም አይታጨድ፤ የተቆረጠው ይጓጉላል፣ የማሽኑ ጎማም ማኮብኮቢያው ላይ ቦይ ይቀዳል፤ በዚያ ቦይ ስንት ትንንሽ አውሮፕላን በአፍንጫዋ እንደምትተከል ያውቁታል። ከማጨዱ በፊት አባላቱ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይራመዱ፤ ድንጋይ፣ የተሰበረ ፕሮፔለር፣ የወደቀ ብሎን ይልቀሙ። ማሽኑ ሜዳው ላይ እያለ ማንም አያብርር።

ይህን ሁሉ ከእኔ በተሻለ የሚያውቁት ጋሼ ናቸው። ስለዚህ የሚለምኗቸው እንዲያጭዱልዎ ሳይሆን እንዲያስተምሩ ይሁን። ሁለት ሁለት ሰው በተራ ይመደብ፤ ጋሼ አሠራሩን ሲያሳዩ አንዱ በስልኩ ይቅረጽ፣ ዘይት መቼ እንደሚቀየር፣ ምላጭ ማን ጋ እንደሚሳል፣ ከዝናብ በኋላ ሜዳው ስንት ቀን እንደሚጠብቅ በደብተር ይጻፍ። ነገር ግን ከአንገት በላይ የሆነ ሹመት እንዳይሰጧቸው። «የክብር አማካሪ» ብላችሁ ወንበር ላይ ብታስቀምጧቸው፣ ለማጽናናት የተሰጠ መሆኑን ወዲያው ያውቁታል። የእውነት የምትፈልጓቸው ለዕውቀታቸው ነው፤ ያንኑ ሳይቀባቡ ይንገሯቸው። የመሬቱ ባለቤት ጋም አብራችሁ ሂዱ፤ ጋሼ ራሳቸው እርስዎንና ሌላ አንድ አባል ያስተዋውቁ። ውሉ በቃል ብቻ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን። ጋሼ ቢቀየሙ ሜዳው አብሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ክለቡ ሜዳ አለው ለማለት ይከብዳል።

ይህን ሁሉ አድርገው ጋሼ «ከረዳት ጋር አላበርርም፣ ሐኪም ዘንድም አልሄድም» ቢሉስ? ሊሉ ይችላሉ። ያኔ «እንግዲያው ጋሼ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ማብረር አይችሉም» የሚለውን ራስዎ፣ በራስዎ አፍ፣ ቤታቸው ተቀምጠው ይንገሯቸው። በማኅተም የተዘጋ ፖስታ አይላክባቸው። ይቀየሙዎት ይሆናል፤ ለወራት ላያናግሩዎት ይችላሉ። ያ ውለታ በላ አያሰኝዎትም። የመጀመሪያ አውሮፕላንዎን ከዛፍ ያወረዱልዎ ሰው፣ በእጃቸው በነበረች አውሮፕላን ልጅ ተጎድታ ቀሪ ዕድሜያቸውን ከሚኖሩ ይልቅ እርስዎን ተቀይመው ቢኖሩ ይሻላቸዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎትና ልጨርስ። በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ እርስዎ ስላበረሩት በረራ አንድም ቃል የለም። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያበረሩት? ሊቀመንበርነት ሰውን ከማብረር ወደ ማስታረቅ ይወስዳል፤ የክለቡን ሥራ ከኮሚቴው ጋር ሲከፋፈሉ የራስዎንም ሰዓት አይርሱ።

ጋሼ ዘንድ ከሄዱ በኋላ ይጻፉልኝ። በተለይ የራዲዮው ፍተሻ ምን እንዳሳየ ማወቅ እፈልጋለሁ።